ስለተከፈተላችሁ አትመኑ፦ ከአዋሽ እስከ ሰመራ ላላችሁ እኩዮቼ

የእድር ዳኞች፣ የማኅበር ገንዘብ ያዦች፣ የትራንዚት ቢሮ ባለቤቶች፣ ጡረታ ወጥታችሁም ማኅተምና መዝገብ ከእጃችሁ ያልወጣ ሁሉ፤ በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎግያ፣ በሰመራ የምትኖሩ የዕድሜ እኩዮቼ፤ ይህን ቃል የጻፍኩት ለወጣቶች አይደለም። ወጣት ቢሳሳት ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው የራሱ ነው። እኛ ስንሳሳት የሚጠፋው የሰው አደራ ነው፤ የሟች ቤተሰብ መዋጮ፣ የባለጉዳይ ሰነድ፣ የነጋዴ ዲክላራሲዮን። «እኛ በኮምፒውተር ዘመን አልተማርንም» ብለን የምናመካኝበት ጊዜ አልፏል። አደራው ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ጠባቂውም ተከትሎት መግባት አለበት።

ማስጠንቀቂያዬ አንድ ነው። ኮምፒውተር ላይ ተጭናችሁ የፈለጋችሁት ነገር ስለተከፈተላችሁ ብቻ፣ የከፈተላችሁ የምታውቁት ነው ብላችሁ አትመኑ። መከፈቱ ማስረጃ አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ዴስክቶፕ ላይ ከምታዩአቸው ሥዕሎች ብዙዎቹ ፕሮግራም አይደሉም። ከታች በግራ ጥጋቸው ትንሽ የታጠፈች ቀስት ያለችባቸው ሾርትከት ይባላሉ። ሾርትከት በውስጡ የያዘው የአንድ ቦታ አድራሻ፣ አንዳንዴም ትእዛዝ ነው። ስትጫኑት ዊንዶውስን «እዚያ ሂድና ያንን ክፈት» ይለዋል፤ ሥራው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጣው ዊንዶውስ 95 ጀምሮ እስከ ዛሬ በዚሁ አሠራር ቆይቷል። ልብ በሉ፤ የሾርትከቱ ስም ለብቻው ነው፣ ሥዕሉ ለብቻው ነው፣ አድራሻውም ለብቻው ነው። ሦስቱ መስማማታቸውን የሚመረምር የለም። የሠራው ሰው ስሙን «የእድር ሒሳብ 2017» ብሎ፣ ሥዕሉን ቢጫ ፎልደር አድርጎ፣ አድራሻውን ወደ ፈለገበት ሊመራው ይችላል። የዚህ ዓይነቱ ፋይል ኤልኤንኬ የሚባል ቅጥያ አለው፤ ነገር ግን ዊንዶውስን «የፋይሎችን ሁሉ ቅጥያ አሳየኝ» ብትሉት እንኳ ይህን አንዱን ደብቆ ያስቀረዋል።

ሰው ሁሉ «ሾርትከት ቫይረስ» እያለ የሚጠራው መዓት የተሠራው በዚህ ክፍተት ላይ ነው። በተበከለ ኮምፒውተር ላይ ፍላሽ ስትሰኩ፣ ተንኮሉ ፎልደሮቻችሁን ይደብቅና በየስማቸው ሾርትከት ይተካል። ያን ሾርትከት ስትጫኑ ሁለት ነገር ይሆናል። መጀመሪያ የተደበቀው ፕሮግራም በጓዳ በኩል ይነሣል። ቀጥሎ የራሳችሁ ፎልደር ይከፈታል። ደብዳቤው አለ፣ ፎቶው አለ፣ የሒሳቡ ሠንጠረዥ አለ፤ ከአንዱም የጎደለ የለም። ባይከፈትላችሁ ኖሮ ትጠረጥሩ ነበር። ተከፈተላችሁና አመናችሁ። ተንኮሉን የሠራው ሰው የሚቆምረው በዚህችው እምነታችሁ ላይ ነው።

ይህ ዘዴ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ቀድሞ ፍላሽ ገና ሲሰካ ዊንዶውስ ሳይጠይቅ በውስጡ ያለውን ፕሮግራም የሚያስነሣበት «አውቶራን» የሚባል አሠራር ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተነሣው ኮንፊከር የተባለ የኮምፒውተር ትል በዚህም በር ጭምር እየገባ ዓለምን አዳረሰ። ማይክሮሶፍት ይህን በር በዊንዶውስ 7 ለፍላሽ ዘጋው፤ በፌብሩዋሪ 2011 ደግሞ ለቀደሙት ዊንዶውሶችም መዝጊያውን በማደሻ ላከ። በሩ ሲዘጋ ተንኮለኞቹ ከውስጥ የሚከፍትላቸው እጅ ፈለጉ። ያ እጅ የእኛ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ሴኮያ የተባለ የፈረንሳይ የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 አንድ የኢንተርኔት አድራሻ በ7 ዶላር ያዘ። አድራሻው ፕለግኤክስ ለሚባል የስለላ ፕሮግራም ትእዛዝ ይተላለፍበት የነበረና ባለቤቶቹ ትተውት የሄዱ ነው። ኩባንያው እነማን እየመጡ ትእዛዝ እንደሚጠይቁ ቁጭ ብሎ ቆጠረ። በስድስት ወር ውስጥ ከ170 በሚበልጡ ሀገሮች ካሉ 2.5 ሚሊዮን ገደማ የተለያዩ የኢንተርኔት አድራሻዎች ጥሪ መጣ። ውጤቱን በኤፕሪል 2024 ይፋ ሲያደርግ፣ ብዙ ከተበከሉት ሀገሮች ተርታ ከናይጄሪያ፣ ከሕንድ፣ ከቻይናና ከኢራን ጋር ኢትዮጵያም ተጠርታለች።

ይህ ፕለግኤክስ በፍላሽ የሚዛመተው በዚያው በነገርኳችሁ መንገድ ነው። የተበከለውን ፍላሽ ስትከፍቱ በውስጡ አንድ ነገር ብቻ ታያላችሁ፤ በፍላሹ በራሱ ስም የተጠራ ሾርትከት። ፋይሎቻችሁ በሙሉ ስሙ በዓይን በማይታይ ፊደል በተጻፈ ድብቅ ፎልደር ውስጥ ተወስደው ተቀምጠዋል። ሾርትከቱን ስትጫኑ ሰላዩ ይነሣል፣ ወዲያው የፋይሎቻችሁ መስኮት ይከፈትላችኋል። የሚነሣውም ብቻውን አይደለም፤ ሕጋዊ ኩባንያ የሠራው እውነተኛ ፕሮግራም ከፊት ይቆማል፣ እርሱ ተንኮለኛውን ፋይል ከኋላው ጎትቶ ያስገባዋል። ስለዚህ በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች ስም ብታዩ እንኳ የተከበረ ስም ነው የምታገኙት።

የ7 ዶላሩን ነገር ደግሞ በቀላሉ አትለፉት። ሰላዮቹ ሥራቸውን ጥለው ሄደዋል፤ የበከሏቸው ኮምፒውተሮች ግን ጌታቸው መሄዱን ሳያውቁ ትእዛዝ መጠበቃቸውን አላቋረጡም። ያን አድራሻ በ7 ዶላር የያዘው ደግ ሰው ሆኖ ተገኘ። ክፉ ሰው ቢይዘውስ? እንዲህ ያለውም ተደርጓል። አንድሮሜዳ የተባለውን አሮጌ የፍላሽ ትል መረብ የአውሮፓና የአሜሪካ ፖሊሶች እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በጣጥሰውት ነበር። ማንዲያንት የተባለው ኩባንያ በጃንዋሪ 2023 እንደዘገበው፣ ከሩሲያ ጋር ግንኙነት አለው የሚባል የስለላ ቡድን ጊዜያቸው ያለፈባቸውን የዚያን ትል አድራሻዎች መልሶ አስመዘገበና በዩክሬን ቀድሞ የተበከሉትን ኮምፒውተሮች ወረሰ። እንግዲህ ዛሬ ቸል የምትሉት ሾርትከት ነገ ለማን እንደሚታዘዝ አታውቁም። «እኔ ዘንድ ምን ይገኛል ብለው ይሰልሉኛል?» የምትለዋን መከራከሪያ ከዚህ በኋላ አልቀበላችሁም። የሚመርጣችሁ ሰው የለም፤ ፍላሹ ራሱ ያገኛችኋል።

ስለምን እኛን? አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ መንገድ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ድሬዳዋ፣ አንዱ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሰመራና ወደ ጂቡቲ። የሀገሪቱ የገቢና የወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጂቡቲ በኩል ነው፤ ከመኪናው ጋር ወረቀቱም ያልፋል። ሾፌሩ ኪስ ውስጥ ያለች ፍላሽ አዲስ አበባ ላይ ተጭና፣ አዋሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ታትማ፣ ሚሌ ጉምሩክ ደርሳ፣ ሎግያ አድራ ልትመለስ ትችላለች። ሰመራ ደግሞ የክልል መቀመጫ ናት፤ ከየወረዳው ሪፖርት ይዞ የማይመጣ የለም። ኔትወርክ ሲጠፋ መላኪያችን ፍላሽ ነው። በ2000 ዓ.ም. የተከፈተው የሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በዚያችው ፍላሽ ይዘው እኛ በምንሄድባቸው ማተሚያ ቤቶች ይሰለፋሉ። የፋይዳ መታወቂያችንን ቅጂ ያወጣነው የት ነው? ከእነዚሁ ቤቶች ከአንዱ ነው።

ማተሚያ ቤትን በከንቱ አላነሣሁም። ማንዲያንት እ.ኤ.አ. በ2023 ይህንኑ ፕለግኤክስን፣ እርሱ ሶጉ በሚል ስም የሚጠራውን፣ ሲከታተል ብዙዎቹ መነሻዎች አፍሪካ ውስጥ መሆናቸውን አገኘ፤ ፍላሹ የሚበከልባቸው ዋና ቦታዎች ብሎ የጠቆመውም ማተሚያ ቤቶችንና ሆቴሎችን ነው። በአንድ ቀን የስንት ሰው ፍላሽ በአንድ ኮምፒውተር ላይ እንደሚሰካ አስቡ። ቤቱን የከፈተው ልጅ ላይ አልፈርድም፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሙቀቱ ያደክማል፣ «ቶሎ በል» የምንለውም እኛው ነን። ሲጫን ግን እያየነው ነው፤ ሲከፈትለትም ከእርሱ ጋር «እሰይ» ብለናል።

በሚያምኑት ነገር ተከልሎ መግባት ለሀገራችን ሰው አዲስ አይደለም። በካናዳ ያለው ሲትዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም በማርች 2013 ባወጣው ዘገባ፣ የተቃዋሚው ድርጅት የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ እንደ ማጥመጃ የተጠቀመ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም አግኝቶ አሳይቷል፤ ፕሮግራሙ ትእዛዝ የሚቀበልበት ሰርቨርም ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። ይኸው ተቋም በዲሴምበር 2017 ደግሞ በውጭ ሀገር ለሚኖሩ ተቃዋሚዎች በኢሜይል የተላከ ሌላ ወጥመድ ገለጠ፤ ቪዲዮ ለማየት «የቪዲዮ ማጫወቻችሁን አድሱ» እያለ ሰላይ ፕሮግራም የሚያስጭን። ፖለቲካውን ተዉት፤ ለእኔ ነገር የሚጠቅመው አሠራሩ ነው። ተጠቂው የተጫነው ሊያይ የጓጓለትን ነገር ነው፤ ጉጉቱ ራሱ ወጥመዱ ሆነ።

አፋር ይህን በሽታ የሚፈውስ ሥርዓት ከኮምፒውተር በፊት ነበረው። ዳጉ ይባላል፤ በእርሱ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ወሬ አይወራወሩም፤ ተቀምጠው ይጠያየቃሉ። ነጋሪው በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን ለይቶ ይናገራል፤ የሰማውን ከማን እንደሰማ ይጠየቃል። የሐሰት ወሬ ያቀበለ በጎሳው ፊት ያፍራል፣ ይቀጣልም። ወሬው ደስ ማሰኘቱ ወይም የምንጠብቀው መሆኑ ከጥያቄው አያድነውም። እንዲህ ያለ ሥርዓት ባለበት ሸለቆ እየኖርን፣ ከማን እንደመጣና ወዴት እንደሚመራ ሳንጠይቅ በቀን ብዙ ጊዜ ሥዕል መጫናችን ያሳፍረናል። ሾርትከትም ይጠየቅ። አጠያየቁ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ በዓይን። ፎልደር ቀስት የለበትም። ፍላሽ ውስጥ ያለ ፎልደር ወይም ሰነድ ጥጉ ላይ ቀስት ካያችሁበት እጃችሁን ሰብስቡ። ቀስቷን ማጥፋት ስለሚቻል ግን በዚህ ብቻ አትርኩ። የፋይሎቹን ማሳያ «ዲቴይልስ» ወደሚለው ለውጡና «ታይፕ» የሚለውን ዓምድ አንብቡ፤ ፎልደር ከሆነ ፎልደር ይላል፣ ሾርትከት ከሆነ ሾርትከት ይላል። መጠኑም ያጋልጠዋል፤ ብዙ ፎቶ አለበት ያላችሁት ነገር ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ከሆነ፣ ፎቶው እዚያ ውስጥ የለም።

ቀጥሎ በጥያቄ። ሾርትከቱ ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጫኑና ከሚወርደው ዝርዝር መጨረሻ አካባቢ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ምረጡ። «ሾርትከት» በሚለው ገጽ ላይ «ታርጌት» የሚል ሣጥን አለ። ስሙንና ሥዕሉን እርሱና ያንን አንብቡ፤ ሾርትከቱ የሚታዘዘው በዚያ ለተጻፈው ብቻ ነው። የወርድ ሾርትከት ከሆነ አድራሻው ከሲ ድራይቭ ተነሥቶ፣ «ፕሮግራም ፋይልስ» በሚለው ፎልደር አልፎ፣ በማይክሮሶፍት ኦፊስ ውስጥ አድርጎ «ዊንወርድ» በሚል ስም ያልቃል። የክሮም ከሆነ በጉግል ፎልደር ውስጥ አልፎ በክሮም ያልቃል። ከሣጥኑ በታች «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» የሚል ቁልፍ አለ፤ ስትጫኑት ፕሮግራሙን ሳያስነሣ የተቀመጠበትን ቦታ ወስዶ ያሳያችኋል።

አድራሻው ሲኤምዲ፣ ፓወርሼል፣ ደብሊውስክሪፕት፣ ኤምኤስኤችቲኤ፣ ረንዲኤልኤል32 ወይም ኤምኤስአይኤግዜክ ብሎ ከጀመረና ቀጥሎ ረጅም ያልገባችሁ ጽሑፍ ከተከተለ፣ አትክፈቱት። እነዚህ የዊንዶውስ የራሱ ሠራተኞች ናቸው፤ የታዘዙትን ሁሉ ይፈጽማሉ፤ የቤት ሰው ስለሆኑም አንቲቫይረስ እንደ ባዕድ አያያቸውም። አንዳንድ የሥራ ሾርትከቶች በሕጋዊ መንገድ ሊጠሯቸው ይችላሉ፤ የእድር ሒሳብ ፎልደር ግን ሲኤምዲን የሚጠራበት አንድም ምክንያት የለውም። አድራሻው «ቴምፕ» ወይም «አፕዳታ» ወደሚባሉ ፎልደሮች ከመራ፣ ወይም ፍላሹ ውስጥ ወዳለ የማታውቁት ፋይል ከጠቆመ፣ የሚያውቅ ሰው ሳያይላችሁ አትንኩት። የክሮም አድራሻ በትክክል ካለቀ በኋላ ደግሞ ከጥቅሱ ምልክት ወዲያ የአንድ ድረ ገጽ ስም ተለጥፎበት ታገኙ ይሆናል። ኢንተርኔት በከፈታችሁ ቁጥር የማታውቁት ገጽ እየመጣ የሚያስቸግራችሁ አንዱ ምክንያት እርሱ ነው፤ የተለጠፈውን ብቻ አጥፍታችሁ «ኦኬ» በሉ፤ የለጠፈው ፕሮግራም ካልተወገደ ግን ተመልሶ ይመጣል።

ይህን ምርመራ የሚያመልጥ መኖሩንም ልንገራችሁ፤ ግማሽ እውቀት ይዞ መኩራራት ካለማወቅ ይከፋል። ትሬንድ ማይክሮ የተባለው ኩባንያ በማርች 2025 እንዳስታወቀ፣ ታርጌት የሚለው ሣጥን ለተመልካቹ የሚያሳየው 260 ፊደላትን ብቻ ስለነበረ፣ ተንኮለኞች በመጀመሪያው ላይ ባዶ ቦታ ደርድረው ክፉውን ትእዛዝ ከዚያ ወዲያ ይደብቁት ነበር። ኩባንያው እንዲህ የተሠሩ 1,000 የሚጠጉ ሾርትከቶችን ሰብስቧል፤ ዘዴው እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በመንግሥታት የሚደገፉ 11 ቡድኖች እንደተጠቀሙበትም ገልጿል። ስለዚህ ሣጥኑ ውስጥ ጠቋሚውን አስገብታችሁ «ኤንድ» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ጽሑፉ በባዶ ቦታ ተሞልቶ ከተገኘ ሌላ ምስክር አትፈልጉ፤ ቅን ሰው አድራሻ ሲጽፍ ባዶ አይደረድርም። በሌላ በኩል ሣጥኑ ደብዝዞ የማይነካ ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ፤ ከማይክሮሶፍት መደብር የወረዱ ወይም በተወሰነ መንገድ የተጫኑ ፕሮግራሞች እንዲሁ ናቸው።

ከእነአካቴው ሳትነኩት፣ በማየት ብቻ የምትጠቁበት ዘመንም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተገኘው ስታክስኔት የተባለ የኮምፒውተር ትል የኢራንን የናታንዝ የኑክሌር ተቋም ያወከው ዊንዶውስ የሾርትከትን ሥዕል በሚያወጣበት አሠራር ላይ ባለ ስሕተት እየተጠቀመ ነው፤ ፎልደሩን ከፍቶ ሥዕሉን ማየት ይበቃው ነበር። ማይክሮሶፍት በኦገስት 2010 መድፈኛውን በማደሻ ላከ። የተደፈነው ግን ማደሻውን ለተቀበለ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ዊንዶውስ 7 ከጃንዋሪ 2020 ወዲህ፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ከማይክሮሶፍት የተለመደው ድጋፍ ተቋርጦባቸዋል። የማኅበራችሁን ሒሳብ የያዘው ማሽን የትኛው ላይ እንዳለ ዛሬውኑ አረጋግጡ።

ሾርትከቱ ክፉ ሆኖ ቢገኝስ? ብዙዎቻችን ወዲያው «ፍላሹን ፎርማት አድርገው» እንላለን። ይህ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ነው። ፋይላችሁ አልጠፋም፤ ተደብቋል። በፋይል ማሳያው «ቪው» ከሚለው ሥር «ሂድን አይተምስ» የሚለውን አብሩ። ካልታየም በፎልደር አማራጮች ውስጥ የዊንዶውስን ጥብቅ ፋይሎች የሚደብቀውን ምልክት አንሡ፤ ያኔ ድብቁ ፎልደር ብቅ ይላል። ከውስጡ ሰነዶቻችሁን፣ ፎቶዎቻችሁንና ሠንጠረዦቻችሁን ብቻ ወደ ንጹሕ ቦታ ገልብጡ፤ የማታውቁትን አንድም ፋይል አብራችሁ አትውሰዱ። ፍላሹን ፎርማት የምታደርጉት ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ግን ንጹሕ በሆነ ኮምፒውተር ላይ ይሁን፤ የተበከለው ማሽን ያጸዳችሁትን ፍላሽ በደቂቃ ውስጥ መልሶ ይበክለዋል። አንድ ጊዜ ተጭናችሁት ከሆነ ደግሞ ሾርትከቱን ማጥፋት አይበቃም፤ የተነሣው ፕሮግራም ማሽኑ ውስጥ ቀርቷል። ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ማሽን ከሆነ ሰነዱን አትርፋችሁ ዊንዶውሱን ከአዲስ አስጭኑ፤ የባንክና የኢሜይል የይለፍ ቃላችሁንም ከሌላ ንጹሕ ማሽን ለውጡ።

የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት በጃንዋሪ 2025 እንዳስታወቀ፣ ኤፍቢአይ በፍርድ ቤት ፈቃድ፣ ከፈረንሳዮቹ ጋር ተባብሮ፣ ፕለግኤክስን ከ4,258 ኮምፒውተሮች ላይ ከርቀት አስወግዶታል። ያ ለእነርሱ ሀገር ነው። ሴኮያም ቀድሞ እንዳስጠነቀቀው፣ ከርቀት የሚደረግ ጽዳት በጊዜው ያልተሰካ ፍላሽ ላይ አይደርስም። በየመሳቢያችን ያለውን ፍላሽ የምናጸዳው እኛው ነን።

ስለዚህ ለእናንተ ለማኅተም ያዦች አራት ነገር አዛለሁ። የእድር፣ የማኅበር ወይም የቢሮ ሒሳብ ያለበት ኮምፒውተር ላይ የውጭ ፍላሽ አይሰካ፤ የሊቀመንበሩም ቢሆን። ማተሚያ ቤት የምትሄደው ፍላሽ ሌላ ምንም የሌለባት፣ ለዚያ ቀን የሚታተመውን ወረቀት ብቻ የያዘች ትሁን፤ ስትመለስ ሒሳብ ያለበት ማሽን ላይ ሳትሰካ ትጽዳ። የመዝገቡ ቅጂ በወረቀትና ከኮምፒውተሩ ተነጥሎ በተቀመጠ ዲስክ ይኑር። ለማሽኑም በስም የሚታወቅ አንድ ተጠያቂ ይሰየም፤ በየወሩ የዴስክቶፑን ሾርትከቶች አንድ በአንድ ታርጌታቸውን እያነበበ ለጉባኤው ይናገር። «ልጁ ያውቀዋል» ማለት ተጠያቂ መሰየም አይደለም። ልጁ ያግዛችሁ፤ ቃላችሁን ሰጥታችሁ አደራውን የተቀበላችሁት ግን እናንተ ናችሁ።

ሀገሪቱ በ2008 ዓ.ም. ያወጣችው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላው ኮምፒውተር የገባንና ጎጂ ፕሮግራም ሆነ ብሎ ያሰራጨን ይቀጣል። ሳያውቅ ፍላሹን ያቀበለ ሽማግሌ ወንጀለኛ ነው አልልም። ነገር ግን ይህን ጽሑፍ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ አላወቅሁም ማለት አይችልም። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይሉናል አባቶች፤ እኛ ግን ጥርጣሬን እንደ ነውር ቆጥረን፣ ልጆቻችን ፊት «አያውቁም» እንዳንባል ብለን ፈጥነን እንጫናለን። ቀኝ ቁልፉን ተጭኖ ለማንበብ የሚወስደው ጊዜ መነጽር ከማውጣት አይበልጥም።

የሚቀጥለው ስብሰባችሁ አጀንዳ ላይ ይህ ነገር ይያዝ። ሒሳብ ያዡ በጉባኤው ፊት ኮምፒውተሩን ከፍቶ የሒሳቡ ሾርትከት ወዴት እንደሚመራ ያሳይ። ማሳየት ካልቻለ አንድ ወር ይሰጠውና ይማር። ከወሩ በኋላም ማሳየት ያልቻለ፣ ሽበቱ የቱንም ያህል ቢከበር፣ መዝገቡን ለሚችል ያስረክብ።